ማሽን ሲወድቅ የሚተወው ቃል፦ የከርነል ክራሽ ዳምፕ በልዩ ልዩ ፕሮሰሰሮች ላይ

(በሮቤ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በሚገኘው በዚህ ደጋ፣ በሮቤም ሆነ በጎባ፣ ኮምፒዩተር የጽሕፈት መኪና ምትክ ብቻ የነበረበት ዘመን አልፏል። የትምህርት ቤት መዝገብ፣ የሕሙማን ካርድ፣ የባንክ ሒሳብና የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ከወረቀት ወደ ሰርቨር እየተዛወረ መጥቷል። ሰርቨሩ በቆመ ቁጥር ባለጉዳይ ይቆማል፤ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛም ወደ ጥንቱ ደብተር ይመለሳል።

ሰርቨር በወደቀ ጊዜ በብዙ ስፍራ የተለመደው አሠራር አጭር ነው። ቁልፉን ተጭኖ ማጥፋት፣ ከዚያም እንደገና ማስነሣት። ማሽኑ ይነሣል፤ ሥራውም ይቀጥላል። ይሁን እንጂ ማሽኑ ሲጠፋ በማኅደረ ትውስታው ውስጥ የነበረው ሁሉ አብሮ ጠፍቷልና የውድቀቱ ምክንያት ሳይታወቅ ይቀራል። ምክንያቱ ያልታወቀ ውድቀት ደግሞ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም። ይህን ለማስቀረት የተዘጋጀው ዘዴ ክራሽ ዳምፕ ይባላል፤ ማሽኑ በወደቀባት ቅጽበት በማኅደረ ትውስታው ውስጥ የነበረውን ወደ ዲስክ ገልብጦ ማኖር ማለት ነው።

የዚህ ንግግር ዐቢይ ሐሳብ አንድ ነው። ክራሽ ዳምፕ በሁሉም ማሽን ላይ አንድ ቋንቋ አይናገርም። አንዱ ስሕተት በኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ አንድ ዓይነት፣ በአርም ላይ ሌላ ዓይነት፣ በአይ.ቢ.ኤም. ሜይንፍሬም ላይ ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ምልክት ይተዋል። አንዳንድ ጊዜም ከነጭራሹ ምልክት አይተውም። ስለዚህ ዳምፕ አንባቢው የማሽኑን ትውልድ አስቀድሞ ካላወቀ፣ ቃሉን ሰምቶ ትርጉሙን ሊስት ይችላል። ከዋና ከተማው ርቆ ለሚሠራ ባለሙያ ይህ ዕውቀት ትርፍ ነገር አይደለም፤ ማሽኑ ሲወድቅ በስፍራው የሚገኘው ሰው እርሱ ነውና።

1. ነገሩና ስሙ

የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት ከርነል ይባላል። ማኅደረ ትውስታን የሚያካፍል፣ ፕሮሰሰሩን ለፕሮግራሞች በየተራ የሚያድል፣ ዲስክንና ኔትወርክን የሚመራ እርሱ ነው። ተራ ፕሮግራም ሲሳሳት ከርነሉ ያስወግደዋል። ከርነሉ ራሱ ሲሳሳት ግን ከበላዩ ዳኛ የለምና፣ የተበላሸ መዝገብ ይዞ ከመቀጠል መቆምን ይመርጣል። ይህ አቋቋም በሊኑክስ «ፓኒክ» ይባላል፤ በዊንዶውስ ደግሞ ለረጅም ዘመን በሰማያዊ ገጹ ሲታወቅ ኖሯል።

«ኮር ዳምፕ» የሚለው የቆየ ስም የመጣው የኮምፒዩተር ማኅደረ ትውስታ ከጥቃቅን የማግኔት ቀለበቶች ይሠራ ከነበረበት ዘመን ነው። ቀለበቶቹ «ኮር» ይባሉ ነበር፤ የያዙትም ቁጥር በወረቀት ላይ ታትሞ ባለሙያው ዘንድ ይቀርብ ነበር። ቀለበቶቹ ከቀሩ ብዙ ዐሥርት ዓመታት ቢያልፉም ስሙ ጸንቶ ቆይቷል።

ዳምፕን ማንሣት ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ችግሩ ያለው ጽሑፉን ማን ይጻፈው በሚለው ላይ ነው። የወደቀው ከርነል ራሱ እንዲጽፍ ቢታዘዝ፣ አእምሮው የታወከ ሰው ኑዛዜ እንዲጽፍ እንደ ማዘዝ ነው። የዲስኩን አድራሻ ስቶ በደኅናው መዝገብ ላይ ሊጽፍበት ይችላል። በሊኑክስ ይህን ችግር የፈታው እ.ኤ.አ. በ2005 በ2.6.13 ዕትም የገባው ኬዳምፕ የተባለ ዘዴ ነው። ማሽኑ ገና በጤናው ሲነሣ ከማኅደረ ትውስታው ጥቂቱ ተከልሎ ይቀመጥና ሁለተኛ ትንሽ ከርነል ይጫንበታል። ዋናው ከርነል በወደቀ ጊዜ ፕሮሰሰሩ በቀጥታ ወደዚህ ወደ ተከለለው ይዘላል። ሁለተኛው ከርነል ጤነኛ ምስክር ሆኖ የመጀመሪያውን አስከሬን ይመረምራል፤ ይገለብጣል፤ ከዚያም ማሽኑን እንደገና ያስነሣል።

እስከዚህ ድረስ ዘዴው ለሁሉም አንድ ነው። ልዩነቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

2. ዳምፑ በሚነሣበት ጊዜ ያለው ልዩነት

በመሥሪያ ቤቶቻችን ዘወትር የሚታየው ማሽን ኤክስ 86 በተባለው የኢንቴልና የኤ.ኤም.ዲ. ቤተሰብ የተሠራ ነው። ይህ ቤተሰብ ከጥንት የወረሰው አንድ ጠባይ አለው፤ ከርነሉ የትም ስፍራ ቢጫን፣ ለመነሣት የማኅደረ ትውስታውን የመጀመሪያ 640 ኪሎባይት ይፈልጋል። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት የሊኑክስ አሠራር፣ ሁለተኛው ከርነል ከመነሣቱ በፊት ይህን ክፍል ወደ ሌላ ስፍራ ቀድቶ ማኖር ነበር። ያለዚያ የምስክሩ መምጣት ራሱ የማስረጃውን አንድ ገጽ ይደመስስ ነበር።

የአይ.ቢ.ኤም. ፓወር ፕሮሰሰርም ተመሳሳይ ጠባይ አለው። በእርሱ ዘንድ ተቀድቶ የሚቀመጠው የመጀመሪያው 64 ኪሎባይት ነው። ከዚህም ሌላ ፓወር በኤክስ 86 የሌለ የራሱ መንገድ አለው። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በሊኑክስ ውስጥ በሚገኘው በዚህ መንገድ፣ የማሽኑ ፈርምዌር ራሱ ማኅደረ ትውስታውን ሳይነካ ጠብቆ ማሽኑን ከሥር እንደገና ያስነሣል። ጥቅሙ ግልጽ ነው። በኬዳምፕ መንገድ ሁለተኛው ከርነል የዲስኩንና የኔትወርኩን ካርድ በወደቁበት ሁኔታ ነው የሚረከባቸው፤ በፓወር መንገድ ግን መሣሪያዎቹ ታጥበውና ተስተካክለው ይቀርቡለታል።

ኤስ 390 በመባል የሚታወቀው የሜይንፍሬም ቤተሰብ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። በእርሱ ዘንድ ከርነል መሥራት ያለበት ከዜሮ አድራሻ ጀምሮ ስለሆነ፣ ውድቀት በደረሰ ጊዜ የተከለለው ክፍልና የማኅደረ ትውስታው መጀመሪያ ስፍራ ይለዋወጣሉ። አንዱ በሌላው ቦታ ይቀመጣል፤ የጠፋ ነገር ግን የለም። ከዚህም በላይ አስቀድሞ በተዘጋጀ ዲስክ ላይ ራሱን የቻለ የዳምፕ ፕሮግራም ተቀምጦ፣ የማሽኑ ተቆጣጣሪ ከውጭ በሚሰጠው ትእዛዝ ሊነሣ ይችላል። ይህ መንገድ ከወደቀው ከርነል ምንም ርዳታ አይጠይቅም።

አርም በስልኮችና በአነስተኛ መሣሪያዎች ላይ ለብዙ ዘመን የነገሠ፣ በኋላም ወደ ሰርቨር የገባ ቤተሰብ ነው። ባለ 64 ቢቱ አርም ኬዳምፕን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2017 ሲሆን፣ ሪስክ ፋይቭ የተባለው አዲስ ቤተሰብ ደግሞ በ2021 ነው። ስለዚህ በአንድ ማሽን ላይ የቆየ የከርነል ዕትም የሚሠራ ከሆነ፣ በኤክስ 86 ላይ ያለው መሣሪያ በአርም ላይም ይኖራል ብሎ መገመት አይገባም።

ከዚሁ ጋር ሊታይ የሚገባው የሌሎቹ ፕሮሰሰሮች ጉዳይ ነው። ዛሬ በአንድ ማሽን ውስጥ ብዙ ፕሮሰሰሮች ይገኛሉ። አንዱ ሲወድቅ የቀሩት ቀጥ ብለው ቆመው የያዙትን ማስረከብ አለባቸው። በኤክስ 86 ላይ ለዚህ የሚላከው ምልክት ሊታገድ የማይችል ነው፤ ፕሮሰሰሩ ሌላውን ጥሪ ሁሉ ዘግቶ ቢቀመጥም ይህን ይሰማል። በባለ 64 ቢቱ አርም ላይ ግን ለረጅም ጊዜ እንዲህ ያለ ምልክት አልነበረም። ተመሳሳይ አገልግሎት የሚሰጥ ብልኀት በሊኑክስ የገባው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፤ እርሱም ቢሆን የሚሠራው የመቆራረጫ ተቆጣጣሪው ሲፈቅድና ሲታዘዝ ብቻ ነው። ከዚህም የተነሣ በአርም ዳምፕ ውስጥ የአንዱ ፕሮሰሰር ሬጂስተሮች ጎድለው ቢገኙ፣ ፋይሉ ተበላሽቷል ብሎ ከመጣል በፊት ያ ፕሮሰሰር ጥሪውን ሰምቶ እንደ ነበር መመርመር ይገባል።

ሙሉ ዳምፕ ማንሣት በማይቻልበት ቦታ ትንሽ ማስታወሻ የሚያስቀር ሌላ መንገድም አለ። የከርነሉ የመጨረሻ መልእክቶች በኤክስ 86 ሰርቨር ላይ በፈርምዌሩ ማስቀመጫ፣ በፓወር ላይ መብራት ሲጠፋ በማይደመሰስ ትንሽ ማኅደር፣ በአርም ስልክ ላይ ደግሞ ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ እንደገና ሲነሣ በማይነካ የተከለለ ክፍል ይቀመጣሉ። ጥቂት ገጽ ብቻ ቢሆንም ከምንም ይሻላል።

3. ዳምፑ በሚነበብበት ጊዜ ያለው ልዩነት

ዳምፑ በእጅ ከገባ በኋላ የሚነበበው ክራሽ በተባለው መሣሪያ ነው። መሣሪያው ብዙውን ሥራ ለባለሙያው ይሠራለታል፤ ዳሩ ግን የሚያሳየውን ለማመን ወይም ለመጠራጠር ባለሙያው ራሱ አራት ነገሮችን ማወቅ አለበት።

የመጀመሪያው የባይት ቅደም ተከተል ነው። በኢትዮጵያ ልማድ የሰው ስም ሲጻፍ የራሱ ስም ይቀድማል፤ የአባቱ ይከተላል። በውጭ አገር መዝገብ ግን የአባት ስም ቀድሞ ስለሚጻፍ አንዱ ሰው ሁለት ሰው መስሎ የቀረበበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በማኅደረ ትውስታም እንዲሁ ነው። በዐሥራ ስድስት መሠረት 12345678 ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር በኤስ 390 ላይ 12 34 56 78 ሆኖ ሲቀመጥ፣ በኤክስ 86 ላይ 78 56 34 12 ሆኖ ይቀመጣል። ፓወር በሁለቱም ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ የፓወር ዳምፕ የደረሰው ሰው አስቀድሞ በየትኛው ሥርዓት እንደ ተጻፈ ይጠይቃል።

ሁለተኛው የገጽ መጠን ነው። ከርነል ማኅደረ ትውስታን በገጽ በገጽ ከፍሎ ያስተዳድራል። በኤክስ 86 ላይ መሠረታዊው ገጽ 4 ኪሎባይት ነው። በአርም ላይ 4፣ 16 ወይም 64 ኪሎባይት ሊሆን ይችላል፤ በፓወር ላይ 64 ኪሎባይት የተለመደ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ 200,000ኛው ባይት ያለበት ገጽ በ4 ኪሎባይት ሲቆጠር 48ኛ ቁጥርን ይይዛል፤ በ64 ኪሎባይት ሲቆጠር ግን 3ኛን። የገጽ ቁጥር ጠቅሶ የገጹን መጠን ሳይጠቅስ የሚጻፍ ሪፖርት፣ የቀበሌውን ስም ሳይጠቅስ የቤት ቁጥር ብቻ እንደሚሰጥ አድራሻ ነው።

ሦስተኛው የጥሪው መንገድ ነው። ከርነሉ የወደቀበትን ለማወቅ፣ የትኛው ክፍል የትኛውን እንደ ጠራ ወደ ኋላ መከተል ያስፈልጋል። በኤክስ 86 ላይ አንድ ክፍል ሌላውን በጠራ ቁጥር የመመለሻው አድራሻ በራሱ በስታክ ላይ ይጻፋል። በአርም፣ በፓወርና በኤስ 390 ግን የመመለሻው አድራሻ በመጀመሪያ የሚቀመጠው በሬጂስተር ውስጥ ነው፤ ወደ ስታክ የሚወርደው የተጠራው ክፍል በተራው ሌላ የሚጠራ ከሆነ ነው። ስለዚህ በጥሪው ጫፍ ላይ ያለው ክፍል በወደቀ ጊዜ፣ ጠሪው ማን እንደ ነበር በስታክ ላይ ላይገኝ ይችላል። ያ ፕሮሰሰር ሬጂስተሮቹን ሳያስረክብ ቀርቶ ከሆነ ያች የመጨረሻ እርምጃ ጠፍታለች ማለት ነው። በአዳዲሶቹ የአርም ፕሮሰሰሮች ላይ ደግሞ የመመለሻው አድራሻ ወደ ስታክ ከመውረዱ በፊት በላይኛው ቢቶቹ ላይ እንደ ማኅተም ያለ ምልክት ይታተምበታል። ይህም አድራሻውን ክፉ ሰው እንዳይለውጠው ለመጠበቅ ነው። ማኅተሙን የሚገፍፈው ቁልፍ በዳምፑ መግለጫ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል፤ ይህን የማያውቅ አንባቢ ግን ጤነኛውን አድራሻ የተበላሸ አድርጎ ይፈርድበታል።

አራተኛው፣ ከሁሉም ይልቅ የሚያስተምረው፣ የተሳሳተው አድራሻ ራሱ የሚመዘገብበት አኳኋን ነው። አንድ የታወቀ ስሕተት ይወሰድ። ከርነሉ አንድ መዝገብ የሚገኝበትን አድራሻ ከያዘ ጠቋሚ ላይ፣ ከመዝገቡ መጀመሪያ 24 ባይት ርቆ ያለውን ቁጥር ሊያነብ ይፈልጋል፤ ጠቋሚው ግን ባዶ፣ ማለት ዜሮ ሆኖ ይገኛል።

በኤክስ 86 ላይ ፕሮሰሰሩ ይህን አይፈቅድም፤ ሊነበብ የተሞከረውን አድራሻ ለዚሁ በተመደበ ሬጂስተር ውስጥ 24 ብሎ፣ በዐሥራ ስድስት መሠረት 18 ብሎ ይመዘግባል። አንባቢው ቁጥሩን አይቶ በየትኛው መዝገብ በ24ኛው ባይት ላይ ምን እንዳለ ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜም በደቂቃዎች ውስጥ ምክንያቱን ያገኛል። በባለ 64 ቢቱ አርም ላይም አድራሻው እንዲሁ ይመዘገባል። ስሕተቱ በማንበብ ይሁን በመጻፍ የደረሰ መሆኑን የሚገልጽ ሌላ ሬጂስተርም አብሮት አለ። የአርም ትእዛዞች ሁሉም 4 ባይት ስለሆኑ የወደቀውን ትእዛዝ ነጥሎ ማንበብ ቀላል ነው። በኤክስ 86 ላይ ግን ትእዛዝ ከ1 እስከ 15 ባይት ሊረዝም ስለሚችል፣ በአንድ ባይት ያህል የተሳሳተ መነሻ ሙሉውን ንባብ ያፋልሰዋል።

በኤስ 390 ላይ ነገሩ ይለወጣል። በዚያ የሚመዘገበው የተሳሳተው አድራሻ ያለበት ገጽ እንጂ ትክክለኛው ባይት አይደለም። ስለዚህ 24 የሚለው ቁጥር በቀጥታ አይታይም፤ አንባቢው የወደቀውን ትእዛዝና የመነሻውን ሬጂስተር አጥንቶ ራሱ ማስላት አለበት። ከዚህም የባሰ አለ። በዚህ ማሽን ላይ በዜሮ አድራሻ የሚገኘው ባዶ ስፍራ አይደለም፤ ፕሮሰሰሩ የሚሠራበት የራሱ መዝገብ ነው። በመሆኑም ለብዙ ዓመታት ከርነሉ በባዶ ጠቋሚ በኩል ሲያነብ ማሽኑ አይወድቅም ነበር። የማይገባውን ቁጥር እውነተኛ ነው ብሎ ተቀብሎ ይቀጥላል። ይህን ለመያዝ እንዲቻል ያን መዝገብ ከዜሮ አድራሻ የማዛወር ዘዴ በሊኑክስ የገባው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው።

እንግዲህ ከአንድ የፕሮግራም ስሕተት ሦስት ዓይነት ታሪክ ወጣ። አንዱ ማሽን ስሕተቱን በትክክለኛ አድራሻው ተናገረ፤ ሁለተኛው ያንኑ ተናግሮ ማንበብ ወይም መጻፍ መሆኑን በሌላ ሬጂስተር ገለጸ፤ ሦስተኛው ወይ ገጹን ብቻ ጠቆመ፣ ወይ ዝም ብሎ አለፈ። በኢንቴል ማሽን ላይ ማንበብን የተማረ ባለሙያ በሌላው ላይ የ24ን ቁጥር አጥቶ ባዶ ጠቋሚ አይደለም ብሎ ቢፈርድ፣ የተሳሳተው ከንባብ ድካም ሳይሆን ከቋንቋ ልዩነት የተነሣ ነው።

4. የደጋው ከፍታና የማኅደረ ትውስታ ስሕተት

ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ጎባ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ያህል ነው፤ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ይህ ከፍታ ለኮምፒዩተር ሁለት ነገር ያመጣል።

አንደኛው ስስ አየር ነው። በሮቤ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚወስደው ሙቀት ይቀንሳል። በዓለም ላይ የሚሠራበት የአሽሬ የሰርቨር ክፍል መመሪያ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ ከሚፈቀደው ከፍተኛ ሙቀት 1 ዲግሪ እንዲቀነስ ያዝዛል። በጎባ ከፍታ ይህ 6 ዲግሪ ያህል ይሆናል። መመሪያው ለሰርቨር የሚፈቅደው የመጨረሻ ከፍታ 3,050 ሜትር ነው። ሮቤና ጎባ በዚህ ወሰን ውስጥ ናቸው፤ ሳነቴ ግን ከወሰኑ ውጭ ነው። የደጋው ብርድ ባለሙያውን ሊያዘናጋው አይገባም፤ በጠባብና በተዘጋ ክፍል ውስጥ ያለ ሰርቨር የውጩን ብርድ አያውቅምና።

ሁለተኛው ከሕዋ የሚመጣው ጨረር ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ሁለት ነገሮች ታወቁ። በማኅደረ ትውስታው ማሸጊያ ውስጥ ያሉ ጨረር ሰጪ ቅንጣቶችና ከሕዋ የሚወርዱ ቅንጣቶች፣ መሣሪያው ሳይበላሽ፣ አንዱን ቢት ከ0 ወደ 1 ወይም ከ1 ወደ 0 ሊገለብጡት ይችላሉ። አይ.ቢ.ኤም. በአሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ 3,100 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት ሌድቪል ከተማ ሙከራ አካሂዷል። በዚያ ያለው የኒውትሮን ብዛት በባሕር ወለል ካለው ከዐሥር እጥፍ በላይ ነው። ይህን ቁጥር እንዳለ ወደ ባሌ ማምጣት ግን ስሕተት ነው። ኢትዮጵያ በምድር መግነጢሳዊ ወገብ አጠገብ ስለምትገኝ፣ የምድር መግነጢስ ከሕዋ የሚመጡትን ቅንጣቶች ብዙውን ክፍል ይመልሳል። በመሆኑም በአንድ ከፍታ ላይ እንኳ የባሌ ድርሻ ከኮሎራዶው ያነሰ ነው፤ ከባሕር ወለል ግን የበለጠ ሆኖ ይቀራል።

ይህ ሁሉ ከዳምፕ ጋር ያለው ግንኙነት ምንድን ነው? አንድ ቢት ተገልብጦ የወደቀ ከርነል የሚተወው ዳምፕ፣ የፕሮግራም ስሕተት የሚተወውን ሊመስል ይችላል። የሚለየው ምልክት ግን አለ። የተሳሳተው አድራሻ ከትክክለኛው የሚለየው በአንዲት ቢት ብቻ ሆኖ ከተገኘ፣ በሁለተኛው ውድቀት ደግሞ ሌላ ክፍል ወድቆ ሌላ ቢት ከታየ፣ መጠርጠር ያለበት ማኅደረ ትውስታው ነው። በአንዱ ስፍራ፣ በአንዱ ትእዛዝ ላይ ተደጋግሞ የሚወድቅ ማሽን ግን ጣቱን የሚቀስረው ወደ ፕሮግራሙ ነው።

ማረጋገጫው የሚገኘው ከማሽኑ የስሕተት መዝገብ ነው፤ እርሱም በየቤተሰቡ የተለየ ነው። ኤክስ 86 የማሽን ስሕተትን የሚመዘግብባቸው ለዚሁ የተመደቡ ተከታታይ ሬጂስተሮች አሉት። አዳዲሶቹ አርሞች የራሳቸው የስሕተት መዝገብ አላቸው፤ ብዙ ጊዜም ዜናው ወደ ከርነሉ የሚደርሰው በፈርምዌሩ በኩል ነው። ስሕተት አራሚ ማኅደረ ትውስታ ያለው ሰርቨር አንዷን የተገለበጠች ቢት አርሞ ይቀጥላል፤ ሁለት ቢት ሲገለበጥ ደግሞ አውቆ ያስታውቃል። ይህ ማኅደረ ትውስታ የሌለው ተራ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ሰርቨር ተብሎ ሲቀመጥ ግን፣ የተገለበጠችውን ቢት የሚያይ የለም፤ ዳምፑም ስለ እርሷ የሚለው ነገር የለም። ስለዚህ መዝገብ ሳይታይ ውድቀትን ሁሉ በከፍታው ማሳበብ፣ ድርቅን ሁሉ በአንድ ሰው ኀጢአት እንደ ማሳበብ ነው።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ከርነሉ ተበላሽቷል ብሎ ምልክት ያደረገበት የማኅደረ ትውስታ ገጽ በዳምፕ ጊዜ እንደገና ቢነበብ ማሽኑን ለሁለተኛ ጊዜ ሊጥለው ይችላል። ዳምፑን የሚያጣራው መሣሪያ እንዲህ ያሉትን ገጾች ዘልሎ የሚያልፈው ለዚህ ነው።

5. በስፍራው መደረግ ያለበት

በሮቤ ወይም በጎባ አንድ ባለ 64 ጊጋባይት ሰርቨር ወደቀ ይባል። ሙሉው ዳምፕ በሴኮንድ 10 ሜጋቢት በሚያሳልፍ መስመር ወደ አዲስ አበባ ይላክ ቢባል፣ መስመሩ ሌላ ሥራ ሳይኖርበትና ሳይቋረጥ ከ14 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ባዶ ገጾች፣ ያልተያዙ ገጾችና የተራ ፕሮግራሞች ገጾች ተጣርተው ወጥተው 4 ጊጋባይት ቢቀር ግን ከአንድ ሰዓት በታች ይበቃዋል። ከሁሉ የሚሻለው በስፍራው ማንበብ ነው። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ክራሽ የተባለው መሣሪያ ለአርም ተብሎ ከተዘጋጀ በተራ የኢንቴል ላፕቶፕ ላይ ሆኖ የአርምን ዳምፕ ያነብባል።

ዳምፕን ወደ ሌላ እጅ ማሳለፍ የፍጥነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ማሽኑ በወደቀባት ቅጽበት በማኅደረ ትውስታው ውስጥ የነበረው ሁሉ በዳምፑ ውስጥ አለ። የታካሚ ስምና ምርመራ፣ የደንበኛ ሒሳብ፣ የይለፍ ቃል ሊገኝበት ይችላል። ማጣሪያው በከፍተኛው በ31 ደረጃ ቢሠራ እንኳ፣ በከርነሉ በራሱ ገጾች ውስጥ የሚቀር ነገር አለ። የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ እንዲህ ያለውን ፋይል እንደ ተራ የቴክኒክ ወረቀት ለማያውቁት ሰው መላክ አይቻልም። የሆስፒታል ሰርቨር ዳምፕ የሕሙማን ካርድ ክፍል እንደሚጠበቅ ሊጠበቅ ይገባዋል።

መብራት ተቋርጦ የጠፋ ማሽን በየትኛውም ፕሮሰሰር ላይ ዳምፕ አይተውም፤ ማኅደረ ትውስታው የሚኖረው በኤሌክትሪክ ነውና። ስለዚህ ኬዳምፕ ተዘጋጅቶና ተፈትኖ እያለ ማሽኑ ያለ ዳምፕ ተነሥቶ ከተገኘ፣ ያ ዝምታ ራሱ ምስክር ነው። ከከርነሉ በፊት የመብራቱ መስመርና የኀይል ማጠራቀሚያው ይመርመሩ።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ሥራ በአራት ይጠቃለላል። አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ ሰርቨር የፕሮሰሰሩ ቤተሰብ፣ የገጹ መጠን፣ የባይቱ ቅደም ተከተል፣ የከርነሉ ዕትምና የማኅደረ ትውስታው ዓይነት የተጻፈበት አንድ ገጽ መዝገብ ይኑር። ሁለተኛ፣ ከሚሠራው ከርነል ጋር በትክክል የሚስማማው የመፍቻ ፋይል ከውድቀቱ በፊት ተገኝቶ ይቀመጥ። ከርነሉ በታደሰ ቁጥር መፍቻውም ይታደስ፤ ያለ መፍቻ ዳምፕ የቁጥር ክምር ነው። ሦስተኛ፣ የተከለለው ማኅደረ ትውስታ በቂ መሆኑና ዳምፑ በእርግጥ ዲስክ ላይ መድረሱ፣ ማሽኑ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ሆን ተብሎ ተጥሎ ይፈተን። በኤክስ 86 ላይ የበቃው መጠን ገጹ ሰፊ በሆነው ማሽን ላይ ላይበቃ ይችላል። አራተኛ፣ ዳምፑ የሚቀመጥበት ስፍራ፣ የሚያነበው ሰውና የሚደመሰስበት ጊዜ በጽሑፍ ይወሰን።

መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫው በሮቤ በመሆኑ ይህን ትምህርት በዚሁ ደጋ ማስፋፋት የሚቻልበት ዕድል አለ። ተማሪው ከኢንቴል ላፕቶፑ ጎን በኪሱ የአርም ስልክ ይዞ ይመጣል፤ ሁለቱ ቤተሰቦች በእጁ ናቸው። በአንዱ ማሽን ላይ ሆን ብሎ የጣለውን ከርነል ዳምፕ ከሌላው ቤተሰብ ዳምፕ ጎን አስቀምጦ ልዩነቱን በዐይኑ ቢያይ፣ ከብዙ ገጽ ንባብ የበለጠ ይማርበታል።

ማሽን ሲወድቅ ቃሉን ይተዋል፤ ቃሉንም የሚናገረው በተወለደበት ቤተሰብ ቋንቋ ነው። ያን ቋንቋ የሚያውቅ አንድ ባለሙያ በሮቤ፣ አንድ ባለሙያ በጎባ ቢኖር፣ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ሰርቨሩ ለምን እንደ ቆመ በዚያው ቀን ይነገረዋል፤ ያው ውድቀትም በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ባለጉዳይ አያስቆምም።